ፍቅር በሚዛን፤ እግዚአብሔርን መውደድ በመታዘዝ የሚገለጠው እንዴት ነው?

ኅዳር ከተጋመሰ በኋላ ነው። በጅማ ዞን፣ በማና ወይም በጎማ ወረዳ፣ አንድ የቡና ማሳ ዳር፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ጥቂት ቀርቷታል። ተንጠልጣይ ሚዛን ዋንዛው ቅርንጫፍ ላይ ታስሯል። ለቃሚዎች ተራቸውን እየጠበቁ ቀይ ቡና የሞላበትን ማዳበሪያ መንጠቆው ላይ ይሰቅላሉ። ቀስቱ ገና ሲወዛወዝ ባለደብተሩ «ሃያ ስምንት» ይላል፤ ወዲያው «የጆንያ» ብሎ ሁለት ኪሎ ቀንሶ 26 ይጽፋል። የሚዛኑ ፊት ወደ ባለደብተሩ ስለዞረ ለቃሚው ቁጥሩን አላየውም። ባለማሳው ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰም፤ የነቢያት ጾም ገብቷል።

ይህ ሰው እግዚአብሔርን መውደዱ የት ላይ ይታያል ብንባል አብዛኞቻችን ጾሙን እንጠቁማለን። ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 የተናገረው ግን እንዲህ ላለው ሰው ነው። ሕዝቡ «ጾምን፤ ለምን አላየኸንም?» ብለው ሲጠይቁ፣ የተሰጣቸው መልስ በጾማችሁ ቀን ሠራተኞቻችሁን ታስጨንቃላችሁ የሚል ነበር። ጾሙ አልተናቀም። ጾሙና ሚዛኑ ለአንድ ጌታ የሚቀርቡ መሆናቸው ተረስቶ ነበር እንጂ።

መታዘዝ የሚለው ቃል ለብዙ ሰው ጆሮ ይከብዳል፤ ወታደርና አለቃ፣ አሽከርና ጌታ ይመጡበታል። ቋንቋችን ግን የተሻለ መግቢያ አለው። እናት «ይሄ ልጅ አይሰማም» ስትል ጆሮው ደነቆረ ማለቷ አይደለም፤ አይታዘዝም ማለቷ ነው። በዕብራይስጥም እንዲሁ ነው፤ መስማትና መታዘዝ በአንድ ቃል ይነገራሉ። ዘዳግም 6፥4 «እስራኤል ሆይ፥ ስማ» ይልና በቀጣዩ ቁጥር አምላክህን በፍጹም ልብህ ውደድ ይላል። መስማቱና መውደዱ ጎን ለጎን የተቀመጡት በከንቱ አይደለም፤ የምንወደውን ሰው ቃል አንሰማም ማለት አንችልምና።

ሁለተኛው ቃል «ጠብቁ» ነው። ጌታ በመጨረሻው እራት ሌሊት፣ የደቀ መዛሙርቱን እግር ካጠበ በኋላ፣ «ብትወዱኝ ትእዛዜን ጠብቁ» አላቸው (ዮሐንስ 14፥15)። መጠበቅን የቡና አገር ሰው ያውቀዋል። ቡናውን ከዝንጀሮና ከሌባ የሚጠብቅ ሰው የሚያድረው እዚያው ማሳው ውስጥ ነው፤ በወር አንድ ቀን ብቅ ብሎ የሚያይ ጠባቂ አይባልም። ትእዛዝን መጠበቅም አንዴ ፈጽሞ «ጨረስኩ» የሚባል ሥራ አይደለም። ዓይን ሳይነቅሉ አብሮት መኖር ነው።

እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ የሚከተለው ሁሉ ይበላሻል። አሥርቱ ትእዛዛት «አትግደል» ብለው አይጀምሩም። ከግብፅ ምድር፣ ከባርነት ቤት ያወጣሁህ አምላክህ እኔ ነኝ በሚል ይጀምራሉ (ዘፀአት 20፥2)። አስቀድሞ ነጻ ወጥተዋል፤ ሕጉ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሐዋርያው ዮሐንስም እርሱ አስቀድሞ ወዶናል ይላል። ስለዚህ መታዘዝ የእግዚአብሔርን ፍቅር መግዣ ዋጋ ሊሆን አይችልም፤ ለተቀበልነው ፍቅር የምንሰጠው ምላሽ ነው። በዘሌዋውያን 19፥35–36 በመለኪያና በሚዛን ዓመፃ አታድርጉ ከተባለ በኋላ ያው ቃል ይደገማል፤ ከግብፅ ምድር ያወጣኋችሁ እኔ ነኝ ይላል። ባሪያ የነበረና ነጻ የወጣ ሰው የሌላውን ላብ አይሰርቅም ማለት ነው። የሚዛኑ ትእዛዝ የቆመው አሥርቱ ትእዛዛት በቆሙበት መሠረት ላይ ነው።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚሳሳትበት እንግባ። ፍቅራችን ብዙ ጊዜ የሚታማው ባለመስጠታችን አይደለም። ያልተጠየቅነውን እየሰጠን ከተጠየቅነው ስለምናመልጥ ነው። ንጉሥ ሳኦል ከአማሌቃውያን ምርኮ ምንም እንዳያስቀር ታዝዞ ነበር። ምርጥ ምርጡን በግና በሬ አስቀረ፤ ሳሙኤል ሲመጣም ለእግዚአብሔር ልንሠዋው ነው አለ። ሳሙኤል በጆሮው ይሰማ የነበረውን የበግ ጩኸት ጠቅሶ «መታዘዝ ከመሥዋዕት ይበልጣል» አለው (1 ሳሙኤል 15)። የሳኦል መሥዋዕት ትልቅ ነበር፤ ችግሩ በትእዛዙ ቦታ መግባቱ ነበር።

ጌታም በማርቆስ 7 ስለ «ቁርባን» ሲናገር የነካው ይህንኑ ነው። ሰዎች አባትና እናታቸውን የሚጦሩበትን ገንዘብ «ለእግዚአብሔር የተለየ ነው» ይሉና ወላጆቻቸውን ባዶ እጃቸውን ያስቀሩ ነበር። ዛሬ የጅማ ነጋዴ ለቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ቆርቆሮ ቃል ገብቶ ስሙ በጉባኤ ሲጠራ፣ አጋሮ ያለችው እናቱ የደም ግፊት መድኃኒቷ አልቆባት ከሆነ ነገሩ ያው ነው። ቆርቆሮው በራሱ መልካም ነው፤ ከእናቱ መድኃኒት መቅደሙ ግን ትእዛዙን ሽሮታል። ስለትም እንዲሁ ነው። «ይህን ብታደርግልኝ ይህን አመጣለሁ» ብሎ የተሳለ ሰው ስለቱን ያድርስ፤ ይሁን እንጂ ስለት የሠራተኛ ደመወዝን ወይም የጎረቤት ዕዳን አይሸፍንም።

ስለዚህ «እግዚአብሔርን እንዴት ልውደደው?» ለሚል ሰው የምንመክረው ከትልቁ እንዳይጀምር ነው። አስቀድሞ ይህን ይጠይቅ፤ በግልጽ የታዘዝኩት፣ እኔም የማውቀው፣ ዛሬ ግን ያላደረግሁት ምንድን ነው? መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሰው ስም ጋር ይመጣል። ያኮረፍነው ወንድም፣ ያልከፈልነው ሠራተኛ፣ የዋሸነው ደንበኛ ይሆናል። ጌታ ጴጥሮስን ሦስት ጊዜ «ትወደኛለህን?» ብሎ ጠይቆት፣ ጴጥሮስ እወድሃለሁ ባለ ቁጥር በጎቹን እንዲያሰማራ ነው ያዘዘው። ፍቅሩ ወደ ላይ እንደተነገረ ወዲያው ወደ ሰው ተመራ።

ወደ ሚዛኑ እንመለስ፤ በዚህ አካባቢ መታዘዝ በየዓመቱ የሚፈተንበት ቦታ እርሱ ነውና። ምክራችን ለባለማሳም፣ እሸት ቡና ከአርሶ አደር ለሚሰበስብ ነጋዴም ነው።

ለቀማ ከመጀመሩ በፊት ሚዛኑን ፈትሹ። ባዶውን ሲሰቀል ቀስቱ ዜሮ ላይ መቆም አለበት። ቀጥሎ ከሱቅ 10 የታሸጉ ባለ 2 ሊትር የውሃ ጠርሙሶች ውሰዱ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ስለሚመዝን ውሃው ብቻ 20 ኪሎ ነው፤ ፕላስቲኩ ጥቂት መቶ ግራም ይጨምራል። አምስቱን ሰቅላችሁ፣ ከዚያ አሥሩን ሰቅላችሁ እዩ። የቆየ ሚዛን ስፕሪንጉ ስለሚደክም አንዳንዴ በትንሹ ልክ ሆኖ በትልቁ ይስታል፤ ሁለት ጊዜ መመዘን የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። አሥሩ ጠርሙስ 19 ካለ ሚዛኑ የለቃሚውን እየበላ ነው። 22 ካለ የእናንተን እየበላ ነው። ሁለቱም እውነተኛ ሚዛን አይደሉም።

የጆንያው ቅናሽ ላይ ደግሞ ጥንቃቄ ይጠይቃል። አሥር ባዶ ማዳበሪያ አንድ ላይ መዝኑና ለአሥር አካፍሉት፤ አንዱ ሩብ ኪሎ እንኳ እንደማይሞላ ታያላችሁ። ሁለት ኪሎ የሚቀንሰው ባለደብተር እንግዲህ ከእያንዳንዱ ሚዛን ቢያንስ 1.75 ኪሎ እየወሰደ ነው። «ልማድ ነው» ይባላል፤ አዎን፣ ልማድ ነው። ዘዳግም 25 በከረጢት ውስጥ ትልቅና ትንሽ የሆኑ ሁለት ዓይነት መመዘኛዎች እንዳይኖሩ የከለከለውም ልማድ ስለነበረ ነው። ያኔ ሁለቱ ድንጋዮች ነበሩ፤ አንዱ ለመግዣ፣ አንዱ ለመሸጫ። ዛሬ ከገበሬ ሲገዛ «የጆንያ» ሁለት ኪሎ የሚቀንስ፣ ለአቅራቢ ሲሸጥ ግን በግራም የሚከራከር ነጋዴ ሁለቱን ድንጋዮች በአንድ ሚዛን ላይ ይዟቸዋል።

ቀስቱ እስኪረጋ መጠበቅ፣ ሚዛኑን ለቃሚው በሚያይበት አቅጣጫ መስቀል፣ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ማንበብና በለቃሚው ፊት መጻፍ ምንም አያስወጡም። ማንበብ የማይችል ሠራተኛ ካለ ከጓደኞቹ አንዱ አብሮ እንዲቆም አድርጉ። ቀይና አረንጓዴ ቡና ቀላቅሎ ለሚያመጣ ለቃሚም እውነት ይነገረው፤ አረንጓዴው ተለይቶ ይመለስለት እንጂ በስውር ከኪሎው አይቀነስበት።

ክፍያው ላይ ሕጉ ግልጽ ነው። ዘሌዋውያን 19፥13 የቀን ሠራተኛ ዋጋ እስከ ማግስቱ አይደር ይላል። ዘዳግም 24፥15 ደግሞ ምክንያቱን ይነግረናል፤ ድሃ ነውና፣ ልቡም በዚያ ላይ ነውና ፀሐይ ሳትገባ ይከፈለው። ያዕቆብ 5፥4 የተከለከለው የአጫጆች ደመወዝ እንደሚጮህና ጩኸቱ እግዚአብሔር ዘንድ እንደደረሰ ይጽፋል። ሠራተኛው ራሱ ገንዘቡ እንዳይባክንበት በሳምንት ይሰጠኝ ካለ በስምምነት ይሁን፤ ቀኑ ግን ይቆረጥ፣ ቀኑም አይዘለል። ከዳውሮ ወይም ከከምባታ ድረስ ለለቀማ የመጣን ሰው «ከከፈልኩት ጥሎኝ ይሄዳል» ብሎ ደመወዙን እንደ መያዣ ማቆየት ግን ስምምነት ሊባል አይችልም። የመጣበትን ትራንስፖርት ከፍሎ፣ የሚበላውን በዱቤ እየወሰደ ያለ ሰው እንቢ ማለት አይችልምና።

እስካሁን ያጎደለ ሰውስ? እዚህ ላይ ብዙ ክርስቲያን ይቸገራል፤ ንስሐ ገባ፣ ለንስሐ አባቱ ተናዘዘ ወይም በጸሎት ይቅርታ ለመነ፣ ሰላምም አገኘ። ለቃሚው ግን አሁንም ገንዘቡ ጎድሏል። ዘሌዋውያን 6 በዚህ ላይ ግልጽ ሥርዓት አለው። የወሰደውን በሙሉ ይመልስ፣ አምስተኛ እጅም ይጨምር፣ መሥዋዕቱም ከዚያ ይምጣ። ተይዞ የተገኘ ሌባ በዘፀአት 22 መሠረት እጥፍ፣ የሰረቀውን በግ ካረደ ወይም ከሸጠ አራት እጥፍ ይከፍላል፤ ራሱ አምኖ ለመጣው ግን አምስተኛ ነው። ሕጉ ሰው ሳይያዝ በፊት እንዲመጣ መንገዱን አቅልሎለታል። ዘኬዎስ ማንም ሳያስገድደው አራት እጥፍ እመልሳለሁ ያለው ከደስታ ብዛት ነው። ክርስቲያን ዛሬ በዚያ የመሥዋዕት ሕግ ሥር አይደለም፤ አምስተኛው ግን ጥሩ መለኪያ ሆኖ ስላገኘነው እንመክረዋለን።

ስሌቱን በምሳሌ እንሥራው። አንድ ለቃሚ በቀን አንድ ጊዜ መዝኖ 1.75 ኪሎ ቢጎድልበት፣ በ20 ቀን 35 ኪሎ ይሆናል፤ ሁለት ፈረሱላ ከነትርፉ ማለት ነው፣ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነውና። የመልቀሚያ ዋጋው ለምሳሌ በኪሎ 10 ብር ቢሆን ዕዳው 350 ብር ነው። አምስተኛው 70 ብር። በድምሩ 420 ብር ለአንድ ሰው፣ ለአሥር ሰው 4,200 ብር። እሸት ቡናውን የሸጠ አርሶ አደር ከሆነ ደግሞ የተወሰደው የድካም ዋጋ ብቻ አይደለም፤ ስድስት ኪሎ ገደማ እሸት አንድ ኪሎ ያህል ንጹሕ ቡና ስለሚወጣው፣ 35 ኪሎው ወደ 6 ኪሎ የተፈለፈለ ቡና ነው። ነገሩ ካለፈ ሁለት ሦስት ዓመት ከሆነው በብር አታስሉት፤ የብሩ አቅም ወርዷል። ኪሎውን አስሉና በዛሬው ዋጋ ክፈሉ።

ሠራተኛው ካልተገኘ ዘኍልቍ 5 ለቅርብ ዘመዱ እንዲሰጥ፣ ዘመድም ከሌለው ለእግዚአብሔር እንዲሆን ይላል። ስለዚህ በመጀመሪያ ፈልጉ፤ ለለቀማ የሚመጡ ሰዎች ከአንድ ቀበሌ በቡድን ስለሚመጡ በሚቀጥለው ዓመት የሚመጡትን መጠየቅ ብዙ ጊዜ ያገናኛል። ፍለጋው ባዶ ከሆነ ብቻ ለድሆች ይሁን። ለቤተ ክርስቲያን መስጠት ቀላሉ መንገድ ስለሆነ ቶሎ አትዝለሉበት።

ገንዘቡ የሚመለስለት ሰው ክርስቲያን ባይሆንስ? በጅማ ይህ የየቀኑ ጥያቄ ነው፤ ጎረቤቱም፣ ሠራተኛውም፣ ሂርማታ ገበያ ላይ የሚገበያየውም ሰው ብዙ ጊዜ ሙስሊም ነው። ሕጉ የጠላትህን በሬ ወይም አህያ ጠፍቶ ብታገኘው መልስለት ካለ (ዘፀአት 23፥4)፣ በሰላም የሚኖር ጎረቤት የእጁን የማያገኝበት ምክንያት የለም። እንዲያውም «መባህን ተውና አስቀድመህ ታረቅ» የሚለው የማቴዎስ 5፥23–24 ቃል ቅዳሴውን ወይም አምልኮውን ሳይቀር የሚያስቆም ነው። የሰንበት ጠዋት መንገድ በዚያ ሰው ደጃፍ በኩል ያልፋል።

ቡና የሌለውም ሰው የራሱ ሚዛን አለው። ቢሮ ለተቀመጠው «ነገ ተመለሱ» እያለ የሚያመላልሰው ባለጉዳይ፣ ባጃጅ ለሚነዳው ከታሪፍ በላይ የሚያስከፍለው እንግዳ፣ ለተማሪው ከጓደኛው የሚገለብጠው ፈተና ሚዛናቸው ነው።

ሁለት ችግሮች ሁልጊዜ ይነሣሉ። አንደኛው፣ «ስሜቱ ሳይኖረኝ ብታዘዝ ግብዝነት አይሆንብኝም?» የሚል ነው። አይሆንም። ግብዝ የሚባለው ለሰው ዓይን ብሎ የሚያደርግ ነው፤ ልቡ እየከበደው ስለ እግዚአብሔር ብሎ የሚያደርግ አይደለም። በማቴዎስ 21 ከሁለቱ ልጆች የአባቱን ፈቃድ ያደረገው በመጀመሪያ «አልወድም» ብሎ በኋላ ተጸጽቶ የሄደው ነው። ጌታም በጌቴሴማኒ ጽዋው እንዲያልፍ ለምኖ ነው «የአንተ ፈቃድ ይሁን» ያለው። ሌላው ችግር የዚህ ተቃራኒ ነው፤ አንዳንዱ ሰው ሌሊት ተነሥቶ ኃጢአቱን እየቆጠረ፣ የተናዘዘውን ደግሞ እየተናዘዘ በፍርሃት ይደርቃል። እንዲህ ላለው ተጨማሪ ትእዛዝ አትጫኑበት። 1 ዮሐንስ 4፥18ን አንብቡለት፤ ፍጹም ፍቅር ፍርሃትን ያወጣልና። የሚቀረው ዕዳ ካለ አንዱን ብቻ አንሥቶ ይክፈልና ይረፍ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ሳንናገር ብናልፍ እንጠየቅበታለን። «ታዘዝ» የሚለውን ቃል ሰዎች ለራሳቸው ይጠቀሙበታል። ገንዘብህን ለእኔ አምጣ፣ የደረሰብሽን በደል ለማንም አትንገሪ፣ ሐኪም ያዘዘልህን መድኃኒት ጣለው፣ ያለበለዚያ እግዚአብሔርን አልታዘዝክም የሚል አገልጋይ ከመጣ፣ ሐዋርያት በሐዋርያት ሥራ 5፥29 የመለሱት ይበቃል፤ ከሰው ይልቅ ለእግዚአብሔር መታዘዝ ይገባል። የስኳር፣ የቲቢ ወይም የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ጸበሉንም ጸሎቱንም ከመድኃኒቱ ጋር ይያዝ፤ መድኃኒት ማቋረጥ የትእዛዝ ፍጻሜ ተደርጎ የተጻፈበት ቦታ የለም። በጾም ጊዜም ነፍሰ ጡርና ሕመምተኛ ከንስሐ አባታቸው ጋር ተነጋግረው ይወስኑ።

ገንዘቡን ለመመለስ የቆረጠ ሰው በመጨረሻው ደቂቃ የሚሳሳተው በቃሉ ነው። 420 ብሩን ይዞ ይሄድና «ይቺን ለበዓል ያዝ» ይላል። ለቃሚው ይመርቀዋል፤ ባለማሳው ሰጪ፣ ለቃሚው ተቀባይ ሆነው ይለያያሉ፤ ዕዳውም ጉርሻ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ በሰው ፊት አይሁን፤ ፎቶም አይነሣ፤ ቃሉ ደግሞ አጭር ይሁን። ሠራተኛው በሚሰማው ቋንቋ፣ በኦሮምኛም ይሁን በአማርኛ፣ እንዲህ በሉት፦ «ይህ ያንተው ገንዘብ ነው። አምና በጆንያ ስም ከኪሎህ ስቀንስብህ ነበር። ይቅር በለኝ።» ከዚያ ዝም በሉና የሚለውን ስሙት። ሊቆጣ ይችላል፤ ሌላም ያልቆጠራችሁትን ቀን ሊያስታውሳችሁ ይችላል። ያኔ ደብተራችሁን አውጡና ጻፉት።